«ቻይው» መድኃኒት አይደለም፦ ስለ እርግዝና ማቅለሽለሽና ማስመለስ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ላላችሁት ነው። ምግብ ሲሸታችሁ ልባችሁ የሚጥወለወል፣ ውሃ እንኳ ሆዳችሁ ውስጥ አልቆይ ያላችሁ፣ «ሁላችንም ወልደናል፣ ቻይው» ሲሏችሁ ዝም ያላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ የእናንተ ነው። ባሎች፣ እናቶችና አማቶችም ቢያነቡት እወዳለሁ፤ የመፍትሔው ግማሽ በእነሱ እጅ ነውና።

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በሁለቱም እርግዝናዎቼ ክፉኛ አሞኛል። ከጎረቤት የሽንኩርት ቁሌት ሲሸተኝ መስኮት እዘጋ ነበር፤ የምወደው ቡና ሲቆላ ከቤት እወጣ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ሽቶና የነዳጅ ሽታ ሲቀላቀልብኝ መንገድ ላይ ወርጄ ያስመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለተኛው እርግዝና አንዲት አዋላጅ ነርስ ቁጭ ብላ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ። ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም ያን ጊዜ መብላትም፣ ሥራ መግባትም ቻልኩ። ከእሷ የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒትን የሚመለከተውን ሁሉ ከባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

🔹 ሕመሙ ምንድን ነው?

ከአሥር ነፍሰ ጡሮች ሰባቱ ስምንቱ ያቅለሸልሻቸዋል ወይም ያስመልሳቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ 9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ለብዙዎች ይቀልላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላም የሚቀጥልባቸው ጥቂቶች አሉ። ሳምንቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ጠዋት ብቻ ይመጣል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ከሰዓት ወይም ማታ የሚብስባቸው ብዙ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የማይለቃቸውም አሉ።

ለረጅም ዘመን ምክንያቱ በውል አልታወቀም ነበር። ስለዚህም «ሞላቃ ናት»፣ «ጭንቀት ነው»፣ «ልጁን አልፈለገችውም» የሚል ፍርድ በሴቶች ላይ ሲወርድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን ለነገሩ ግልጽ መልስ ሰጠ። ጽንሱና የእንግዴ ልጁ ጂዲኤፍ15 የተባለ ሆርሞን ወደ እናትየው ደም ይለቃሉ። ይህ ሆርሞን አንጎል ውስጥ ማቅለሽለሽን የሚያስነሳውን ክፍል ይነካል። ከማርገዟ በፊት ይህ ሆርሞን በደሟ ውስጥ ጥቂት የነበረ ሴት ድንገት ሲበዛባት ክፉኛ ትታመማለች፤ ቀድሞም ብዙ የነበራት ሴት ግን ሰውነቷ ስለለመደው ይቀልላታል። እህትሽ ምንም ሳይሰማት ወልዳ አንቺ አልጋ ላይ የምትውይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከጥናቱ መሪዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርሌና ፌይዞ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 እሷ ራሷ በዚሁ ሕመም ተዳክማ ጽንሷን አጥታለች። ሕመሟ በወቅቱ በቁም ነገር አልተወሰደላትም ነበር፤ ምክንያቱን ፍለጋ ከሃያ ዓመት በላይ የደከመችውም ለዚህ ነው። ሌላኛው የጥናቱ መሪ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው እስቲቨን ኦራሂሊ ነበሩ።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከዚያ በፊት ጽንስ ወርዶባቸው ከነበሩ ሴቶች መካከል ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያለባቸው ጽንስ ዳግም የሚወርድባቸው ዕድል በጣም ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት ግን የማያምሽ ከሆነ ጽንሱ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ምንም ሳያማቸው ጤነኛ ልጅ የሚወልዱ እናቶች ብዙ ናቸው።

🔹 ቤት ውስጥ የሚረዳው

ከሁሉ በፊት ሆድሽ ባዶ እንዳይሆን አድርጊ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል፤ በጣም መጥገብም እንዲሁ። ትንሽ ትንሽ፣ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መብላት ይሻላል። ከአልጋሽ አጠገብ ደረቅ ነገር አስቀምጪ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብስኩት ወይም ቂጣ። ጠዋት ዓይንሽን ስትገልጪ ተኝተሽ እያለሽ ጥቂት ቅመሺ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ።

ቀዝቃዛ ምግብ ከትኩሱ ያነሰ ይሸታል። እኔን ያቆመኝ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ በሶ ነው። ሽታው ቀላል ነው፣ ያጠግባል፣ ለመሥራትም እሳት አይፈልግም። የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ እርጎ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚትም ለብዙዎች ይስማማሉ። ቅባትና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቆይ። በእነዚህ ሳምንታት የተመጣጠነ ምግብ አልበላሁም ብለሽ አትጨነቂ፤ ሆድሽ የተቀበለውን ብዪ። የቀረው ሲሻልሽ ይሞላል።

ፈሳሽን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሀል በመሀል ውሰጂ፤ በአንዴ ብርጭቆ ሙሉ ከመጨለጥ ጉንጭ ጉንጭ እያልሽ። ውሃ ካስጠላሽ ሎሚ ጨምቂበት። ካስመለሰሽ ደግሞ ከጤና ጣቢያም ሆነ ከፋርማሲ የሚገኘው ኦአርኤስ የወጣብሽን ውሃና ጨው ይተካል።

ቡና በባዶ ሆድ ቃር ያስነሳል፤ በጠቅላላው በእርግዝና ጊዜ ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመከራል።

ካስመለሰሽ በኋላ ጥርስሽን ወዲያው አትቦርሺ። ከሆድ የወጣው አሲድ የጥርሱን ሽፋን ስለሚያላላው መቦረሽ ይጎዳዋል። በውሃ፣ ካለሽም ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ ተጉመጥመጪ፤ የምትቦርሺው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይሁን።

🔹 ዝንጅብል፣ ቫይታሚንና መድኃኒት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ከመከራቸው ነገሮች መካከል ዝንጅብልና ቫይታሚን ቢ6 ይገኙበታል። ጥናቶች ላይ በብዛት የተሞከረው የዝንጅብል መጠን በቀን 1 ግራም ያህል የደረቀ ዱቄት ነው፤ ይህም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። በሻይ ከፋፍሎ መጠጣት ይቻላል። ቃር ካስነሳብሽ ተዪው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ ሐኪም ጠይቂ።

ቫይታሚን ቢ6 በአብዛኛው የሚታዘዘው ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ፋርማሲ ውስጥ የሚገኘው እንክብል ከዚህ የበለጠ መጠን ሊኖረው ስለሚችል በራስሽ አትጀምሪ። እሱ ብቻውን ካልበቃ ዶክሲላሚን ይጨመርበታል፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ መውሰዱ ይመረጣል። ከዚያም ካለፈ ብዙዎቻችን ፕላሲል ብለን የምናውቀውን ሜቶክሎፕራማይድ የመሰሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ምርጫው የሐኪሙ ነው።

ብዙ ሴቶች ግን ልጄን ይጎዳብኛል ብለው መድኃኒት ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች ተሽጧል፤ ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ከጀርመን ገበያ ወጣ፤ በእሱ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም በሌላ ጉዳት ተወልደዋል። አሜሪካ ውስጥ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉ ሐኪም በቂ ማስረጃ አላየሁም ብለው ፈቃድ በመከልከላቸው ብዙ ሕፃናት ተርፈዋል።

ከዚያ ጥፋት የመጣው ፍርሃት ግን በሌላ በኩል ሴቶችን ጎዳ። ዶክሲላሚንና ቢ6ን የያዘው ቤንደክቲን የተባለ መድኃኒት በክስ ብዛት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1983 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። መድኃኒቱ ከጠፋ በኋላ በአካል ጉዳት የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር አልቀነሰም፤ በማስመለስ ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙ ነፍሰ ጡሮች ግን በዙ። ጥናቶቹ ሁሉ ተመርምረው ያው ቅንብር እ.ኤ.አ. በ2013 በሌላ ስም ተመልሶ ተፈቀደ። ዛሬ በእርግዝና ከተጠኑት መድኃኒቶች ሁሉ በብዛት ከተመረመሩት አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ሐኪም አይቶሽ ያዘዘልሽን ለመውሰድ አትስጊ፤ ሐኪም ሳያይሽ ከመንደር ፋርማሲ መግዛቱን ግን ተዪ።

«የአገር መድኃኒት ነው፣ አይጎዳም» የሚባለውንም ተጠንቀቂ። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ማድረግ የለመድነው ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ማሕፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ አይመከርም። አፈር ወይም ጭቃ ብዪ ብዪ ካለሽ ደግሞ ለባለሙያ ንገሪ፤ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አፈሩም የሆድ ትል ሊያመጣ ይችላል።

ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ማቅለሽለሹን ካባሰው ዝም ብለሽ አትጣዪው። ማታ ከምግብ ጋር መውሰድ ለብዙዎች ይሻላል። ያም ካልሆነ ለጊዜው ፎሊክ አሲዱን ብቻ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ፎሊክ አሲድ የጽንሱን አንጎልና ህብለ ሰረሰር ከአፈጣጠር ችግር ስለሚጠብቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅረት የለበትም።

🔹 ስለ ጾም

ነፍሰ ጡር ትጹም ወይ የሚለውን ጥያቄ በየጾሙ ትጠይቁኛላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆድን ባዶ ማቆየት ማስመለሱን እንደሚያብስ ብዙዎቻችን በገዛ ሰውነታችን አይተነዋል። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ የነፍሰ ጡርን ሁኔታ ተረድተው የሚያሳርፉ አባቶች ብዙ ናቸው። በእስልምናም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ለመጠየቅ አትፈሩ።

🔹 ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለብሽ መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ነገ አትበዪ፦

• ለ24 ሰዓት ምግብም ውሃም ሆድሽ ውስጥ ካልቆየ
• ለ8 ሰዓት ያህል ካልሸናሽ ወይም ሽንትሽ በጣም ከጠቆረ
• ስትቆሚ ካዞረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ
• ክብደትሽ እየቀነሰ ከሄደ፣ በተለይ ከእርግዝናው በፊት ከነበረው ከመቶ 5 በላይ
• ትውኪያው ደም ካለበት
• ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ሽንት ስትሸኚ ማቃጠል ካለ
• ማስመለሱ ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀመረ

ከመቶ ነፍሰ ጡሮች እስከ ሦስቱ ድረስ ብርቱው ዓይነት ይይዛቸዋል፤ እነሱ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልጋቸዋል። ወባ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የጨጓራ ሕመምም ማስመለስ ስለሚያመጡ መመርመር አለባቸው፤ አልትራሳውንድ ደግሞ መንታ መሆኑን ወይም ሌላ ምክንያት መኖሩን ያሳያል። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ማስመለሱ ከራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከላይኛው የሆድ ክፍል ሕመም ጋር ከመጣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሂጂ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ብዙዎቻችን ሲብስብን «አንድ ግሉኮስ ይተከልልኝ» እያልን ወደ ቅርብ ክሊኒክ እንሮጣለን። ለሳምንታት ሲያስመልሳት የቆየች ሴት ግን ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ማግኘት አለባት፤ ያለዚያ አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚያስመልስሽና ምን ያህል እንደበላሽ ለሚያክምሽ ባለሙያ በግልጽ ተናገሪ።

🔹 ለባሎች፣ ለቤተሰብና ለአሠሪዎች

ወንድሞቼ፣ ሚስታችሁ ወጥ ቤት መግባት ካቃታት እናንተ ግቡ። ሽንኩርቱን እሷ ሳትኖር ቁሉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሽቶውን ለጥቂት ወር ተዉት፣ ቆሻሻውን እናንተ ድፉ። ከምንም በላይ «ምን ሆነሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሷንም እመኑ። እናቶቻችን፣ እናንተ ችላችሁት ያለፋችሁት ሌላ መንገድ ስላልነበራችሁ ነው። ለልጆቻችሁ ግን አሁን መንገድ አለ።

ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች ደግሞ መብታችሁን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ የሕክምና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ታገኛለች፤ አሠሪው የሕክምና ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን ወረቀት አስቀምጡ።

የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን ይመከራል፤ ማስመለሱ የሚበረታውም በዚያው ጊዜ ነው። «ሆዴ ገፋ ሲል እሄዳለሁ» ብለሽ አትዘግዪ። በዚህ ሳምንት ሄደሽ ካርድ አውጪ፤ አዋላጇ ፊት ስትቀመጪም «ትንሽ ያቅለሸልሸኛል» ብለሽ አታሳንሺው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስመልስሽና ምን መብላት እንዳቃተሽ ንገሪያት። ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ ሕክምናም አለው፤ ሕክምናውን ማግኘት ደግሞ መብትሽ ነው።

ያረገዘች እህት፣ ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ላኩላት። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላችሁ።