የሳይኮሎጂ ጥናት ከቤተ መጻሕፍት ሲጀመር

በዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት ለጀመሩ ወንድሞችና እህቶች አስቸጋሪ ከሚሆኑባቸው ነገሮች አንዱ የመጀመሪያው የጥናት ጽሑፍ ነው። ብዙዎች ቀድሞ የሰሙትን ይዘው ለመጻፍ ይቀመጣሉ። በስብከትና በወጣቶች ሥልጠና ላይ ሳይቀር የሚነገረውን የማርሽሜሎ ታሪክ እንውሰድ። አራት ዓመት ገደማ ለሆነው ሕፃን አንድ ጣፋጭ ይቀርብለታል፤ ሳይበላ ከቆየ ሁለት እንደሚሰጠው ይነገረዋል። የታገሡት ልጆች አድገው በትምህርታቸው ላቁ ይባላል። እውነት ነውን?

“ትዕግሥት” ብላችሁ ብትፈልጉ የማያልቅ ጽሑፍ ይመጣባችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የመግቢያውን መማሪያ መጽሐፍ ክፈቱ፤ ባለሙያዎቹ ጉዳዩን የሚጠሩበትን ስም ከዚያ ታገኛላችሁ። ስሙ “ዲሌይ ኦቭ ግራቲፊኬሽን” ነው፤ የሚያስደስትን ነገር ለኋላ ማቆየት ማለት ነው። በዚህ ቃል ሳይክኢንፎ የተባለውን የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የጽሑፎች ማውጫ ፈልጉ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ካልከፈለበት ጉግል ስኮላር በነፃ ይሠራል። ሙሉው ጽሑፍ ክፍያ ከጠየቃችሁ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ አነጋግሩ (ማፈር አያስፈልግም፣ ሥራቸው ነው)። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ላሉ ተቋማት መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይከፍታል።

አሁን ወደ ምንጩ ሂዱ። ዋልተር ሚሼል ሙከራውን ያደረገው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ጽሑፍ ልጆቹ እንዴት መጠበቅ እንደቻሉ ይመረምራል እንጂ ስለ ወደፊት ሕይወታቸው አይናገርም። የትምህርት ውጤቱ ነገር የመጣው በ1990 በወጣው ክትትል ነው፤ እርሱም የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤታቸው በተገኘ ከ100 ባነሱ ልጆች ላይ የቆመ ነው። ይህን ሰባኪው አልነገረንም፤ ምናልባት እርሱም ከሌላ ሰው ነው የሰማው።

በዚህ አታቁሙ። በጉግል ስኮላር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ያንን ጽሑፍ የጠቀሱ የኋላ ጥናቶች ዝርዝር አለ። እርሱን ስትከፍቱ የ2018ቱን የዋትስ፣ የደንካንና የኳንን ጥናት ታገኛላችሁ። ከ900 በላይ ልጆችን አይተው ግንኙነቱ ከተባለው በግማሽ ያነሰ ሆኖ አገኙት፤ የቤተሰቡ ኑሮና የልጁ ቀደምት ችሎታ ሲታሰብበት ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። የ2024ቱ ክትትል እስከ 26 ዓመታቸው ተመልክቷቸው፣ በልጅነት መጠበቃቸው የአዋቂነት ኑሯቸውን በአስተማማኝ ሁኔታ አያመለክትም ብሏል።

ያነበባችሁትን ሁሉ የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱን፣ መጽሔቱንና ገጹን ወዲያው መዝግቡ፤ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት መፈለግ አድካሚ ነው።