ከሩቅ ሆኖ ወላጅን ይቅርታ መጠየቅ

በማታው ክፍል የደብዳቤ አጻጻፍ ስናስተምር ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «በሬውን ለአባቴ ሳልነግር ሸጬ ነው የወጣሁት፤ አሁን ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» የሚል ዓይነት።

ካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወላጁን ሳይሰናበት፣ ሳይመረቅ የገባ ብዙ ነው። ነፍስን ለማትረፍ ብሎ መሸሽ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ሐፍረቱ ዓመት በጨመረ ቁጥር ይከብዳል። መጀመሪያ «ትንሽ ልቆይ» ይባላል፣ ቀጥሎ «አሁንማ በምን ፊቴ ልደውል?» ይመጣል።

በአገር ቤት ልጅ ወላጁን በጣም ሲያስቀይም ብቻውን አይቀርብም፤ ሽማግሌ ይልካል። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሆኖ፣ አንዳንድ አካባቢ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። «ተነስ» እስኪባል አይነሳም። ጥፋቱ ሲነገር አይከራከርም። አባት መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፣ ሽማግሌም ይመላለሳል። እምቢታው እኮ የሥርዓቱ ክፍል ነው! በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» ይባላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ምርቃት ይከተላል። ሙስሊም ወገኖቻችንም «አውፍ በሉኝ» ይላሉ።

ድንጋዩም ጉልበት መሳሙም በስልክ አይሄዱም። ሽማግሌው ግን ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትደውሉት ለአባታችሁ ሳይሆን እሳቸው ለሚሰሙት ሰው ይሁን፤ ለአጎት፣ ለነፍስ አባት፣ ለሰፈር ሼህ። «ቤት ድረስ ሄደው ያናግሩልኝ» በሏቸው። እናት ቶሎ ስለምትለሳ ለእሷ ብቻ ደውሎ ከአባት መደበቅ አለ፤ እኔ አልወደውም። እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ጠብ ያስነሳል።

ስልኩ ሲነሳ ጥፋቱን በስሙ ጥሩት። «ካስቀየምኳችሁ ይቅርታ» ማለት ማስቀየሜን አላውቅም እንደማለት ነው። «በሬውን ሳልነግርዎት ሸጫለሁ። በዚያ ክረምት ማሳው በምን እንደታረሰ እንኳ አልጠየቅኩም። ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። «ግን እኮ እኔም ያኔ...» የምትለዋ ነገር ለሌላ ቀን ትቆይ። ቢቆጡ ይቆጡ፤ ስልኩን ቢጠረቅሙትም ሽማግሌው ተመልሶ ይሂድ። እና ደግሞ እባካችሁ በዚያው ስልክ ብር አትጠይቁ!

ስልክ ለማይደርስበት አካባቢ የቀይ መስቀል መልእክት አለ። ወረቀቱ በፖስታ ስለማይታሸግ በመንገድ ላይ ይነበባል፤ የሚፈቀደውም የቤተሰብና የግል ወሬ ብቻ ነው። ይቅርታ በደንብ ይገባበታል። ፖለቲካና ለምን እንደሸሻችሁ ግን አትጻፉ፤ ለእናንተም ለእነሱም ደግ አይደለም። መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዘገየ ብላችሁ እምቢ አሉኝ አትበሉ።

ወላጅ ሞተው ቢሆንስ? ይህንንም የሚጠይቁ አሉ። ኦርቶዶክሱ ለንስሐ አባቱ ይናገራል፣ አቅም ካለው ተዝካር ያወጣል፤ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ሰደቃ ይሰጣል። ከዚህ ሌላ ታላቅ ወንድም ወይም አክስት በሕይወት ካሉ እነሱን ይቅርታ መጠየቅ ነው። ከሟች ጋር አብረው የተጎዱት እነሱ ናቸውና።

ቅጹን መሙላት የሚቸግራችሁ በማታው ክፍል መምህራኑን ጠይቁ። የወላጆቻችሁን ስም እስከ አያት፣ የወረዳውንና የቀበሌውን ስም፣ በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጽፋችሁ አምጡ።