ሰነድ ከኮምፒውተር ሳይወጣ ወደ ቬክተር ምስል ሲለወጥ

ኮምፒውተር ምስልን የሚይዘው በሁለት ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው ነጥብ በነጥብ ነው፤ አንድ ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ በ2480 በ3508፣ ማለትም በ8.7 ሚሊዮን ገደማ ፒክስሎች ይመዘገባል። ሁለተኛው ቬክተር ይባላል። በዚህኛው የሚቀመጡት መስመሩ የሚያልፍባቸው ነጥቦችና የመስመሩ ዓይነት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ምስሉ የቱንም ያህል ቢጎላ አይደበዝዝም።

ልዩነቱ በማሳ ካርታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ደግሞ የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን በአየር ወይም በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ እየተለየ በካርታ ይሰፍራል። በክልሉ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች ማሳ እንደ ተዳፋቱ የሚታጠፍ ነው። ሆኖም ሰባት ማዕዘን ያለው ማሳ በቬክተር ሲጻፍ የሚጠይቀው ሰባት ጥንድ ቁጥሮችንና ወሰኑን የሚዘጋ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው።

በድረ ገጽ ዓለም የተለመደው የቬክተር ዓይነት ኤስቪጂ ነው። ዓለም አቀፉ የድር ደረጃ አውጪ ተቋም ያጸደቀው በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፋይሉ በጽሑፍ የተዘጋጀ ነው፤ ዘመናዊ ብሮውዘሮችም ይከፍቱታል።

ሰነድን ወደ ኤስቪጂ የመለወጡ ሥራ እንደ ሰነዱ አመጣጥ ይለያያል። በካርታ ሶፍትዌር ተሠርቶ በፒዲኤፍ የወጣ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ መስመሮቹን አስቀድሞ በቬክተር ይዟል፤ ለዋጩ ትእዛዞቹን አንብቦ በኤስቪጂ ደንብ መልሶ ይጽፋቸዋል። ስካን የተደረገ ወረቀት ግን ፒክስል ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ ዳር ዳሩን እየተከተለ መስመር ያወጣል። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ«ቡ» ቅጥያ በደካማ ስካን ከጠፋች የሚቀረው «በ» ነው፤ በዚህ ሳቢያ የሰው ወይም የቀበሌ ስም ሊለወጥ ይችላል።

ከዲጂታል ፒዲኤፍም ቢሆን ፊደሉ በሁለት መልክ ሊወጣ ይችላል። በቅርጽ ብቻ ከወጣ መልኩ አይዛባም፤ ነገር ግን ቃል መፈለግም ሆነ መቅዳት አይቻልም። በጽሑፍ ከወጣ መፈለግ ይቻላል፤ ሆኖም ተስማሚ ፎንት ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ በጽሑፍ ሲለወጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ስለሚሆን በቅርጽ ማውጣቱ ይሻላል።

ብዙዎቹ የልወጣ ድረ ገጾች ፋይሉን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ወስደው ነው የሚሠሩት። የመሬት ይዞታ ደብተር ደግሞ የባለይዞታዎቹን ስምና የማሳውን ስፋት ይይዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የሚሰበስብና የሚያቀናብር አካል ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ሰነዱ ከእጅ ካልወጣ ግን ስጋቱ ከምንጩ ይቀንሳል። ለዚህም ብሮውዘሩ ራሱ ይበቃል። ጃቫስክሪፕትና በ2019 እ.ኤ.አ. ደረጃ የጸደቀለት ዌብአሴምብሊ ቀድሞ ለዴስክቶፕ የተጻፉ የልወጣ ፕሮግራሞችን በገጹ ውስጥ ማሠራት አስችለዋል። ፋይሉ ወደ ብሮውዘሩ ማህደረ ትውስታ ይነበባል፤ ውጤቱም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ከኢንተርኔት የሚመጣው ፕሮግራሙ ብቻ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ከባድ ስካን የመላክ ወጪም ይቀራል።

አንድ ገጽ በእርግጥ እንዲህ መሥራቱ ቀላል መፈተኛ አለው። ገጹ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ዋይፋይና ዳታ ይዘጋሉ፤ ልወጣው ያኔም ከተሳካ ሥራው የሚከናወነው እዚያው ነው። ግንኙነት ሲመለስ ገጹ ፋይሉን እንዳይልክ ደግሞ አስቀድሞ ገጹን መዝጋት ያስፈልጋል።

የተለወጠው ፋይል ለሌላ ሰው ሲላክም ጥንቃቄው ይቀጥላል። በስም ላይ ጥቁር ሳጥን መደረቡ ስሙን አያጠፋውም፤ ኤስቪጂውን በጽሑፍ ማረሚያ የከፈተ ሰው ከሥር ያገኘዋል። ከካርታው ጠርዝ ውጭ ተቆርጦ የማይታየውም ክፍል በፋይሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። መደበቅ ያለበት ጽሑፍና መስመር ከመላኩ በፊት ከፋይሉ መሰረዝ አለበት።