አንድ «ከት»፣ ስንት መቁረጥ?

አሰላ ውስጥ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን ይዞ የመጣ ልጅ «‹ከት› ማለት መቁረጥ ነው» ሲለን እውነቱን ነው። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ይህን ትርጉም ብቻ ይዞ ወደ ማሳ ቢወርድ ይቸገራል። እንግሊዙ ስንዴውንም፣ የበጉንም ጠጉር፣ ዳቦውንም «ከት» ቢል ነውር የለበትም። በእኛ ዘንድ ስንዴ ይታጨዳል፣ በግ ይሸለታል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ማገዶ ይፈለጣል። የዒደል አድሓ በግማ «ተቆረጠ» ቢባል ማን ይበላዋል? ይታረዳል፤ ለዚህስ እንግሊዝኛውም «ስሎተር» የሚል የራሱ ቃል አለው።

ግሡ ደግሞ ለኃላፊ ጊዜ አይለወጥም። «ዴይ ከት ዘ ባርሊ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ገብሱ ትናንት ይታጨድ ወይም ዘወትር፣ ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ አይለይም። አጫጁ አንድ ሰው ሲሆን ነው «ከት» ለትናንት፣ «ከትስ» ለዘወትር የሚሆኑት። መምህራን ይህን አስቀድመው ቢነግሩ ብዙ ቀይ እስክሪብቶ በቆጠቡ ነበር።

የእኛም «ቆረጠ» በተራው እንግሊዙ ከማይደርስበት ይደርሳል። እኛ የአውቶቡስ ትኬት እንቆርጣለን፤ እነርሱ ይገዛሉ። ተስፋ እንቆርጣለን፤ የአርሲ ኦሮሞም «አብዲ ኩተቹ» ሲል በዚያው ስለት ነው፤ እንግሊዙ ግን ተስፋን «ያጣል»። «ሊሄድ ቆርጧል» ስንል ወስኗል ማለታችን ነው። በኦሮምኛም «ሙሩ» መቁረጥም መወሰንም ነው፤ ፍርድ «ሙርቲ» የተባለው ከዚሁ ነው። በዓረብኛ «ቀጠዐ» ቆረጠ ሲሆን ዑለማዎች ጥርጥር የሌለበትን ማስረጃ «ቀጥዒይ» ይሉታል። የእንግሊዝኛው «ዲሳይድ» እንኳ ሥሩ መቁረጥ የሚል የላቲን ቃል ነው፤ ተናጋሪው ረስቶታል።

ከሁሉ የሚከብደን ዝምድና መቁረጥ ነው። በሱረቱ ሙሐመድ 22ኛ አንቀጽ የተወሳው ከዚሁ ከ«ቀጠዐ» ሥር በወጣ ግሥ ነው። ዝምድናን የሚቆርጥ ጀነት እንደማይገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቃቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እንግሊዝኛ ለመብራቱም፣ ለስልኩም፣ ለዘመዱም «ከት ኦፍ» ይላል። ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ አገር የላኩ የአርሲ እናቶች ግን ይለያሉ። መስመሩ ሲጠፋ «ስልኩ ተቋረጠ» ይላሉ፤ ነገ ይቀጠላል። በገንዘብ ወይም በመሬት ነገር ተኳርፈው ስልክ መነሣት ሲያቆም ቃሉ «ተቆራረጥን» ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ይላካል።