ኧርዝ የሌላት ሳተላይት

ሳተላይት ኧርዝ የላትም። መሬት ላይ የቆመ መሣሪያ የተጠራቀመበትን ቻርጅ በሽቦ ወደ አፈር ያወርዳል። የኢትዮሳትን ቻናሎች የምታስተላልፈው ኤንኤስኤስ-12 ግን ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ በኤሌክትሮኖች መካከል ናትና ቻርጇን የምታወርድበት የላትም።

ፀሐይ ሲያገኛት ነገሩ ቀላል ነው። ብርሃኑ ከገላዋ ኤሌክትሮኖችን እያስወጣ ከውጭ የሚመጡትን ያመጣጥናል። አደጋው የሚበረታው ለእሷ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ይህም በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፤ በጌጃ ሰፈር ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑን ዘግቶ የሚተኛበት ሰዓት ነው። የፀሐይ ማዕበል የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲያናውጥ ከሌሊቱ ጎን ትኩስ ኤሌክትሮኖች ይጎርፋሉ። በመስከረምና በመጋቢት ሰሞን ደግሞ ሳተላይቷ በየሌሊቱ እስከ 70 ደቂቃ ገደማ በምድር ጥላ ውስጥ ስለምታልፍ የብርሃኑ እርዳታ ይቋረጣል። ኤቲኤስ-6 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥላ ውስጥ ሳለች ኔጌቲቭ 19,000 ቮልት ገደማ ተለክቶባታል።

ቮልቴጁ ብቻውን አይጎዳም። ሁሉም ክፍል እኩል ቢሞላ ሳተላይቷ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ የሚጎዳው ልዩነቱ ነው። ብረቱና ፕላስቲኩ፣ ፀሐይ የሚያየውና ጥላ ያረፈበት ጎን እኩል አይሞሉም። ልዩነቱ ሲበዛ ቻርጁ ብልጭታ ሆኖ ይዘላል፤ ኮምፒውተሯም ያንን እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ መሐንዲስ ብረቶቹን ሁሉ እርስ በርስ የሚያገናኘው፣ መሸፈኛዎቹንም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ስስ ቅብ የሚለብጠው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የውስጡ ቻርጅ ነው። በጣም ፈጣን ኤሌክትሮኖች የአሉሚኒየሙን ግድግዳ ዘልቀው በኬብል ሽፋንና በሰርኪዩት ቦርድ ውስጥ ለቀናት ይጠራቀማሉ። በጥር 1994 እ.ኤ.አ. የካናዳዎቹ ሳተላይቶች አኒክ ኢ-1 እና ኢ-2 አቅጣጫ የሚጠብቁበት መሣሪያ በዚህ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም በሰዓታት ልዩነት ተበላሸባቸው። የመጀመሪያዋ በዚያው ቀን ስትመለስ ሁለተኛዋን ለመመለስ ወራት ፈጅቷል።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያስመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 የምትዞረው 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። በዚያ ያለው ጥቅጥቅ ቀዝቃዛ ፕላዝማ ቻርጁን ያረግባል፤ በዋልታዎቹ አጠገብ ግን ዝቅ ብሎ መብረርም ዋስትና አይሆንም። የጃፓኗ ሳተላይት ሚዶሪ-2 በ2003 እ.ኤ.አ. ኃይሏን ያጣችው በ800 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ምስል ሲጠፋ አስቀድሞ የሚታየው ኬብሉና ኤልኤንቢው ነው። ዝናብ ሳይኖር የሰፈሩ ሁሉ ቻናል በአንድ ጊዜ ከጠፋ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሳተላይቷ ወይም ከማሰራጫ ጣቢያው ነውና ዲሹን አያዙሩት።