የሞባይል ስልክ የሬዲዮ ሞገድ የደህንነት ገደብ ምንነትና አፈጻጸም

የፈረንሳይ የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አይፎን 12 የተባለው የሞባይል ስልክ በአገሪቱ ገበያ እንዳይሸጥ አገደ። ለእገዳው ምክንያት የሆነው ስልኩ በእጅ ሲያዝ ወይም በኪስ ሲቀመጥ ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኃይል በአንድ ኪሎ ግራም 5 ነጥብ 74 ዋት ሆኖ መለካቱ ነው። በአውሮፓ ህብረት ለእጅና ለእግር የተፈቀደው ጣሪያ ግን 4 ዋት ነው። አምራቹ አፕል ኩባንያ የምርመራውን ውጤት ባይቀበልም በፈረንሳይ ለሚገኙ ተጠቃሚዎች የሶፍትዌር ማስተካከያ አቅርቧል።

ይህ ውሳኔ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሳል። ገደቡን ያለፈ ስልክ የያዘ ሰው ተጎድቷል ማለት ነውን? ካልተጎዳስ እገዳው ለምን አስፈለገ? ለጥያቄዎቹ ምላሽ ለማግኘት ገደቡ የተቀመጠበትን መነሻ መረዳት ያሻል።

የሞባይል ስልክ ድምጽንና መረጃን የሚያስተላልፈው በሬዲዮ ሞገድ አማካኝነት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ከኤክስሬይና ከኑክሌር ጨረር በመሠረቱ የተለየ ነው። የኤክስሬይ ጨረር የአተምን ኤሌክትሮን በማስወጣት የሰውነትን የዘር ቅንጣት ለመጉዳት የሚያስችል ጉልበት ሲኖረው፣ የሬዲዮ ሞገድ ግን ይህ አቅም የለውም። በሳይንስ የተረጋገጠው ዋነኛ ውጤቱ ሙቀት ነው፤ ኃይሉ በርከት ሲል የሰውነትን ሕዋሳት ያሞቃል።

በመሆኑም ገደቡ የሚለካው አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል በሚውጠው የኃይል መጠን ሲሆን፣ ይህም በምህጻረ ቃል «ኤስ ኤ አር» ተብሎ ይታወቃል። አዮን ከማይፈጥሩ ጨረሮች መከላከያ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውንና በ2020 ያሻሻለውን መመሪያ በርካታ አገሮች ይከተላሉ። በዚሁ መመሪያ መሠረት ለኅብረተሰቡ የተፈቀደው ጣሪያ ለጭንቅላትና ለደረት አካባቢ 2 ዋት፣ ለእጅና ለእግር 4 ዋት፣ ለመላው ሰውነት ደግሞ በአማካይ 0 ነጥብ 08 ዋት በኪሎ ግራም ነው። አሜሪካ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የምትሠራበት ጣሪያ 1 ነጥብ 6 ዋት ሲሆን፣ አለካኩም ስለሚለይ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ገደቡ ጉዳት የሚጀምርበት መስመር አለመሆኑ ነው። ኮሚሽኑ ለእጅና ለእግር ጉዳት ሊያስከትል ይችላል ብሎ የወሰደው መነሻ 40 ዋት በኪሎ ግራም ሲሆን፣ ለኅብረተሰቡ የተፈቀደው የዚህ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ለመላው ሰውነት የተተወው መጠባበቂያ 50 እጥፍ ይደርሳል። በፈረንሳይ የተለካው 5 ነጥብ 74 ዋት ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ቢሆንም ከጉዳት መነሻው በእጅጉ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ መጠባበቂያው የተተወው ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን ታሳቢ በማድረግ ለኅብረተሰቡ በመሆኑ አምራች እንዲጠቀምበት አይፈቀድም። የእገዳው ምክንያትም ይኸው ነው።

ካንሰርን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» ተብለው ከሚጠረጠሩት ምድብ ውስጥ አስገብቷል። ምድቡ ውሱን ማስረጃ የቀረበባቸውን ነገሮች የሚይዝ ሲሆን፣ ከእሬት ሙሉ ቅጠል የሚዘጋጅ ጭማቂም በዚሁ ውስጥ ይገኛል። በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ 63 ጥናቶችን የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ግምገማ በሞባይል ስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም፤ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በተጠቀሙት ላይም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

በየአካባቢው ቅሬታ የሚቀርበው ይበልጡን በአንቴና ማማዎች ላይ ነው። ሆኖም ሞገድ ከምንጩ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ስለሚዳከም በጆሮ ላይ የተለጠፈ ስልክ ከማማው የበለጠ ኃይል ወደ ጭንቅላት ያስገባል። አንቴናው ሞገዱን በአብዛኛው ወደ ጎን ስለሚልክ ከሥሩ ያለው መጠን አነስተኛ ነው። ከዚህም በላይ ስልኩ ማማው ሲቀርበው የሚያወጣውን ኃይል በመቶዎች እጥፍ ይቀንሳል፤ ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ወደ ከፍተኛው መጠን ያደርሰዋል። ስለሆነም ያለ ልኬት ማማን ማራቅ ነዋሪውን ከመጠበቅ ይልቅ ከስልኩ የሚያገኘውን ሞገድ ሊያሳድግበት ይችላል።

በኢትዮጵያ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን፣ ወደ አገር የሚገቡ የቴሌኮም መሣሪያዎችን ዓይነት የማጽደቅ ኃላፊነትም አለበት። ስልክ የሚገዙ የመንግሥት መስሪያ ቤቶች ዓይነቱ የጸደቀ መሆኑንና የኤስ ኤ አር ሰነዱን በጨረታ መስፈርታቸው ማካተት ይኖርባቸዋል። ስለ ማማ ቅሬታ የሚቀርብለት ኃላፊም አቤቱታውን ችላ ከማለት ወይም በስጋት ብቻ ማማው እንዲነሳ ከማዘዝ ይልቅ በቦታው የተለካውን መጠን ከገደቡ ጋር አነጻጽሮ ለነዋሪው ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሰዎች በቀላሉ ወደ ጣሪያ የሚወጡበት ሕንጻ ከሆነ ከአንቴናው ፊት ለፊት ያለው ስፍራ መታጠር አለበት።

ተጠቃሚውም ረጅም ንግግር ሲያደርግ በጆሮ ማዳመጫ ወይም በስፒከር ቢጠቀም፣ ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ንግግሩን ቢያሳጥር የሚደርሰውን ሞገድ በእጅጉ ይቀንሳል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ስልኩን በደረት ኪስ አያስቀምጥ። «ጨረር ይከላከላሉ» ተብለው የሚሸጡ ሽፋኖች የስልኩን ሲግናል የሚያደክሙ ከሆነ ስልኩ ኃይሉን እንዲጨምር ስለሚያስገድዱት ጥቅማቸው አጠያያቂ ነው።

ከሞባይል ስልክ ጋር በተያያዘ ጉዳቱ በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው እያሽከረከሩ መነጋገር ነው። ይህ አደጋ ግን በየትኛውም የሞገድ ገደብ አይለካም፤ መፍትሔውም በአሽከርካሪው እጅ ነው።