የአንገት ደም መልስ ሲታሰር

በኬንያዋም ሆነ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ የጉሮሮ ሕመም ሲነሣ «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል። አልፎ አልፎ ግን፣ በተለይ ጤነኛ የነበረ ወጣት ጉሮሮው ሻል ባለው ሰሞን ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፣ አንገቱ በአንድ ወገን ያብጣል፣ ደረቱን ይወጋዋል። ውጋቱን አይቶ የሳንባ ምች ነው ማለት ቀላል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ሌሚየር እ.ኤ.አ. በ1936 ከዘገቧቸው እንዲህ ያሉ 20 ሕሙማን 18ቱ ሞተዋል፤ በሽታውም በስማቸው ይጠራል።

መንሥኤው ብዙ ጊዜ ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም የተባለ፣ ኦክስጅን በሌለበት የሚራባ ባክቴሪያ ነው። የቦረና ከብት አርቢ ሥራውን ያውቀዋል፤ ዘመዱ የላም ሰኮና ያበሰብሳል፣ የጥጃ ጉሮሮ ያቆስላል። በዚህ በሽታ ግን ባክቴሪያው የሚነሣው ከሰውየው ከራሱ ጉሮሮ እንጂ ከከብቱ አይደለም። ከቶንሲሉ ዘልቆ ከአንጎል ደም የሚያወርደውን ትልቁን የአንገት ደም መልስ ሲያቆስል ደሙ ይረጋል፣ የረጋውም ይመግላል። ፍርፋሪው በልብ በኩል ሳንባ ደርሶ እዚያም መግል ይቋጥራል።

ደም መልሱን የሚያስረው ቀዶ ሕክምና ይህን መንገድ ይዘጋል። የፕራጉ ሐኪም ኢማኑኤል ዛውፋል ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1880 ያቀረቡት ከጆሮ ቁስል ለሚነሣ ተመሳሳይ የደም መርጋት ነበር። ሕመምተኛው በሰመመን ተኝቶ የአንገቱ ጎን ይከፈታል፣ ሰፊው ጡንቻ ገለል ይደረጋል። ከሥሩ ደም መልሱ፣ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳና ቬገስ ነርቭ በአንድ ሽፋን ተጠቅልለው ይገኛሉ፤ በእነዚህ መካከል የሚሠራ እጅ ችኮላ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ የሚታሰረው ወደ ልብ ያለው የታችኛው ጫፍ ነው፤ ያለዚያ የተነካካው መግል ወደ ልብ ያመልጣል። ቀጥሎ የላይኛው ይታሰርና የመገለው ክፍል ይወጣል፣ በዙሪያው ያለው መግልም ይጠረጋል። ደሙን በሌላው ወገን ያለው ደም መልስ ተረክቦ ያወርደዋል።

ፔኒሲሊን ከመጣ ወዲህ ይህ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው። ለሳምንታት የሚሰጥ ጸረ ባክቴሪያ፣ ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን ከሜትሮኒዳዞል ጋር፣ ብዙዎችን ያድናል። ቢላዋ የሚነሣው አንገት ውስጥ መግል ሲቋጠር ወይም መድኃኒት እየተሰጠ ኢንፌክሽኑ ሲበረታ ነው።

ከሞያሌ ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የአንገት አልትራሳውንድ የረጋውን ደም ብዙ ጊዜ ያሳያል፤ መንገዱ ግን ረጅም ስለሆነ፣ ሕመምተኛው ሪፈር ቢባል እንኳ ለምርመራ ደም ተወስዶ የመጀመሪያው መድኃኒት መኪናው ከመነሣቱ በፊት በክንዱ መግባት አለበት።